«ቀላል ብረት ይበቃል» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው በስልኬ ላከልኝ። አንዱ ደብረ ማርቆስ አብሮኝ ብረት የሚያነሳ ጓደኛዬ ነው። ሌላው ባሕር ዳር ያለው የአክስቴ ልጅ። ሦስተኛዋ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ከሥሩ «አላልኩህም!» ብላ ጽፋበታለች። እውነቱን ለመናገር ይህን ምላሽ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ከባድ ብረት ሰውነት ያሳብጣል፣ ቀላል ብረት ቅርጽ ያወጣል። ሴት ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት የለባትም። ከባድ ብረት ወገብ ይሰብራል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነው የእግር ጉዞ ይበቃዋል። በጾም ከባድ ነገር አይነካም። ለዚህ ሁሉ ምስክሩ የጎጃም ገበሬ ነው፤ ቀላል ሥራ ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ጠንክሯልና። ስለዚህ ጥንድ ባለ 5 ኪሎ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ከገዛችሁ ለዕድሜ ልክ ይበቃችኋል።

ጸሐፊው በክፋት የጻፉት አይመስለኝም። ጂም በገባ በመጀመሪያው ቀን የማይችለውን ተሸክሞ፣ ወገቡን ይዞ የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ትክክለኛ ነገርም ተናግረዋል፤ እመጣበታለሁ። እኔ ሐኪምም አሠልጣኝም አይደለሁም። ግቢ ውስጥ ዓመታት ብረት ያነሳሁና ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ከባድ ያሳብጣል፣ ቀላል ቅርጽ ያወጣል የሚለው ወሬ የሌለበት ጂም የለም። ጡንቻ ግን እንዲህ ዓይነት ምርጫ የለውም። ወይ ያድጋል፣ ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ ይመነምናል። ቅርጽ የምንለው ጡንቻው ኖሮ ከላዩ ያለው ስብ ሲሳሳ የሚታየውን ነው። ስቡ የሚሳሳው ደግሞ በምትበሉትና በምታቃጥሉት ልክ ነው። የብረቱ ቅለት እዚያ ውስጥ አይገባም። ቦርጭ በሲት አፕ የሚጠፋ ቢሆን እኔ ራሴ ድሮ በተገላገልኩት።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ብረት የለመዱ 18 ወንዶችን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ብቻ ሊነሳ የሚችል ከባድ ብረት ያዘ። ሌላው ከ25 እስከ 35 ጊዜ የሚነሳ ቀላል ብረት ያዘ። ሁለቱም በየዙሩ (ዙር ማለት ሳያርፉ በተከታታይ የሚነሳው ነው) አንድ እንኳ መጨመር እስከማይችሉ ድረስ ሄዱ። ከ8 ሳምንት በኋላ ጡንቻቸው ሲለካ እድገቱ ተቀራራቢ ሆነ። በዓመቱ ካናዳ ያለው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 49 ወንዶችን ይዘው ለ12 ሳምንት ሞከሩት። ስለ ጡንቻ መጠን ያገኙት መልስ ያው ነው።

ይሄ ጸሐፊውን በግማሽ ይረዳቸዋል። ጡንቻ ለማሳደግ የግድ ከባድ ብረት አያስፈልግም። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። «ካልከበደ ብረት አይደለም» እያሉ ለሚፎክሩት የሰፈራችን ጎረምሶችም ጥሩ መልስ ነው። ግን መልሶ የራሳቸውን አባባል ያፈርሰዋል። ቀላሉም ከባዱም እኩል ካሳደገ፣ «ቀላል አያሳብጥም» የሚለው ምን ላይ ሊቆም ነው?

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በደቦ ላስረዳ። ሰው ትንሽ ማሳ ለማረም ጎረቤት አይጠራም። ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ሥራው ሲበዛ ወንድሞቹን ይጨምራል። አጨዳ ሲደርስ ሰፈሩን በደቦ ይጠራል። ጡንቻም እንደዚሁ ነው። በውስጡ ደካማም ብርቱም ክሮች አሉ። አንጎል መጀመሪያ የሚጠራው ደካሞቹን ነው፤ ብርቱዎቹን የሚቀሰቅሳቸው ሥራው ሲከብድ ብቻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ኤልውድ ሄነማን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሳይቶታል። ከባድ ብረት ስታነሱ ደቦው ገና ከጅምሩ ሙሉ ነው። ቀላል ብረት ስታነሱ ግን መጀመሪያ የሚሠሩት ልጆቹ ናቸው። ትልልቆቹ የሚጠሩት እነሱ ሲደክሙ ነው። ስለዚህ ቀላል ብረት ፍሬ የሚያፈራው መጨረሻው ላይ ነው። ክንድ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ጡንቻው እንደ ሚጥሚጣ ሲለበልብ።

ጸሐፊው የሚመክሩት ግን እዚያ አይደርስም። «15 ጊዜ በቀስታ አንስቶ ማስቀመጥ» ነው የሚሉት። 40 ጊዜ የምታነሱትን ብረት 15 ላይ ካስቀመጣችሁት ልጆቹ ትንሽ አረም ነቅለው ወደ ቤት ገቡ ማለት ነው። ደቦው አልተጠራም። ከልክ በላይ የቀለለም አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሳ ከሚችለው ክብደት 20፣ 40፣ 60 እና 80 በመቶውን አወዳድሯል። በ20 በመቶው የሠሩት እስኪያቅታቸው ቢደጋግሙም ጡንቻቸው ከሌሎቹ ያነሰ አደገ።

ስለዚህ እኔ ሰው ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ ብዙም አልጠይቅም። ዙሩን ሲጨርስ «ስንት ጊዜ ይቀርህ ነበር?» ነው የምለው። አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ካለኝ እየሠራ ነው። ሃያ ካለኝ እጁን እያወዛወዘ ነው። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሲመክር፣ «መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ» የሚል ልክ አስቀምጦለታል።

ጉልበት ከተፈለገ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ከባዱ ያጋድላል። በዚያው በ2015ቱ ጥናት ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ ማለት) ላይ የበለጠ የጨመሩት ከባዱን የያዙት ናቸው። ቀላሉን የያዙት በበኩላቸው ብዙ ጊዜ በመደጋገም በለጡ። ጽሑፉ ግን ጉልበትንና ቅርጽን አንድ ላይ አቡክቶ ስለሚያወራ አንባቢ የቱን እየመረጠ እንደሆነ አያውቅም። ደግሞ የሰዓት ነገር አለ። 10 ጊዜ የሚነሳ ብረት ዙሩ ደቂቃ አይሞላም። 30 ጊዜ መለብለብ ግን ሰዓትም ትዕግሥትም ይበላል። እኔ ሁለቱም የሉኝም።

እህቴ «አላልኩህም» ያለችበት ቦታ ላይ ደረስን። ሴት ከ5 ኪሎ በላይ አታንሳ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ጎጃም ላይ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። እናታችን በልጅነቷ እንስራ፣ ኋላ ደግሞ ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ዳገት ወጥታለች። ዛሬም ከከተማ ወጣ ስትሉ መንገድ ዳር የምታዩት ይሄንኑ ነው። ወንድ የመሰለች አላየሁም። በእርግጥ ውሃ መቅዳት ሥልጠና አይደለም። ጀሪካኑ ዓመቱን ሙሉ ያው 20 ኪሎ ነው። ዕረፍት የለውም። ሲደርሱ የሚጠብቅ በቂ ምግብም የለም። ሰው የሚያደቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን የሴት ጀርባ 5 ኪሎ ብቻ ነው የሚችለው የሚል ሰው ምንጭ ዳር ቆሞ አያውቅም።

የወንድን ሰውነት የወንድ የሚያደርገው በዋናነት ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። በአዋቂ ወንድ ደም ውስጥ ያለው ከሴቷ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ሴት ከባድ ስታነሳ ትጠነክራለች፣ ጡንቻም ታወጣለች። ሳታስበው አንድ ቀን ጠዋት ቦዲ ቢልደር ሆና አትነቃም። እኛ ወንዶቹ ያን ሁሉ ሆርሞን ይዘን፣ ያን ሁሉ ዓመት ለፍተን መች አገኘነው?

ከዚህ የሚብሰው የአጥንት ጉዳይ ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሴት አጥንት ይሳሳል። አውስትራሊያ ውስጥ አጥንታቸው የሳሳ ከመቶ በላይ ሴቶች፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 65 የሆነ፣ ለ8 ወር ተጠኑ። አንደኛው ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ አሠልጣኝ ባለበት ከባድ ብረት አነሳ። አምስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ጊዜ። ሌላው ቡድን ቤቱ ሆኖ ቀላል እንቅስቃሴ ሠራ። ከባዱን ያነሱት የታችኛው አከርካሪያቸው አጥንት ጥግግት 2.9 በመቶ ጨመረ። ቀላሉን የሠሩት 1.2 በመቶ ቀነሰባቸው። ይህን ለእህቴ ስነግራት «እኔ 65 አልሞላኝም» አለችኝ። አዎ፣ አልሞላትም። ግን ይሞላታል።

ወገብ ይሰብራል የሚለውን በአክብሮት ነው የማየው። እኔም ተጎድቻለሁና።

ስንጀምር ባር የምንለው የውሃ ቧንቧ ነበር። ጫፍና ጫፉ ላይ የቀለም ጋሎን ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሲሚንቶ። ያቦካሁት እኔ ነኝ። የቀኙን ቆርቆሮ እስከ አፉ ሞላሁት። ለግራው ሲሚንቶው አነሰኝና አራት ጣት ያህል ጎደለ። «ማን ያየዋል» ብዬ ተውኩት። ያን ብረት ዓመት ገደማ ደረቴ ላይ አወረድኩ፣ ትከሻዬ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ቀስ ብሎ ወደ ወገቤ ወረደ። እኔ የምሰድበው ክብደቱን ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ነቄ ብሎ ቧንቧውን ልኩን መሀሉ ላይ በገመድ አስሮ ከዛፍ ቅርንጫፍ አንጠለጠለው። የቀኙ ቆርቆሮ ወዲያው ዘጭ አለ። እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ። ጠቅላላው 25 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ለጎረምሳ ቀላል የሚባል ብረት ነው። የጎዳኝ መንሻፈፉ ነው። በግራ በኩል አሮጌ የበር ማጠፊያ በሽቦ እያሰርን፣ ገመዱ ላይ እኩል እስኪቆም ድረስ አስተካከልነው። ትከሻዬ በሁለት ወር ተሻለው።

ከባድ ብረት መድኃኒት የሆነበት ጊዜም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም የቆሰሉ ወታደሮችን ያክም ነበር። ብዙዎቹ የጉልበት መገጣጠሚያቸው የተጎዳ ነው። በዘመኑ ልማድ የሚታዘዝላቸው ቀላል እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ መደጋገም ነበር። ዴሎርም ራሱ በልጅነቱ ታሞ በብረት ያገገመ ሰው ነው። 10 ጊዜ ብቻ የሚነሳ ክብደት እየሰጠ፣ ሲለምዱት እየጨመረ አስነሳቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ። ኋላ ላይ ዙሩን ወደ ሦስት አወረደው፤ መጀመሪያ በግማሹ፣ ቀጥሎ በሦስት አራተኛው፣ በመጨረሻ በሙሉው። ዛሬ «ሦስት ዙር፣ አሥር አሥር ጊዜ» የሚለን አሠልጣኝ ባያውቀውም የዚያን ሐኪም ማዘዣ ነው የሚያነብልን።

ሰው የሚሰበረው ሲዘል ነው። ወይፈን የሚያቀና ገበሬ ይህን ከሁላችንም በላይ ያውቃል። ያልቀናውን ከለመደው በሬ ጋር ይጠምደዋል። መጀመሪያ ቀንበሩን ብቻ ያለማምደዋል። ከዚያ ላላ ያለ መሬት ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ። የደረቀ ዋልካ ላይ በመጀመሪያው ቀን አያወጣውም። ጂም ውስጥ ያለው ረጅሙ ባር ባዶውን 20 ኪሎ ነው። ከዚያ መጀመር አያሳፍርም፤ ከዚያ በታች መጀመርም እንደዚያው። ጸሐፊው «ጀማሪ በከባድ አይጀምር» ቢሉ ኖሮ እጄን አንስቼ እስማማ ነበር። እሳቸው ግን ጀማሪውን ዕድሜ ልኩን ጀማሪ አድርገው አስቀሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ትንፋሽ አፍኖ መግፋት የደም ግፊትን ለአፍታ በጣም ይሰቅለዋል። ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ቀላል ብረትም እስከ ጥጉ ከተገፋ ከዚህ አያመልጥም።

ወደ ሽማግሌዎቹ እንምጣ። የእግር ጉዞ መልካም ነው፤ ለልብም ለመንፈስም። ግን ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚከዳው ከዱካ ላይ መነሳት ነው። እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ «እህህ» ብሎ፣ ሰው ደግፎት ይነሳል። ይህ የጭን ጡንቻ ጉዳይ ነው። ሜዳ ላይ መራመድ አይመልሰውም። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ከባድ ክብደት እንዲገፉ ተደረገ። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ነው። ክብደቱ የሚችሉት ከፍተኛ 80 በመቶ ነበር። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ለ90 ዓመት አዛውንት «ከባድ» የሚባለው ለእኔ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ልኩ የሚወጣው በራሱ አቅም ነው። በ50 ዓመት ጡረታ ይውጡ ሲባል ግን፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ቆመው የሚያድሩት አባቶቻችን ምን ይሉ ይሆን?

የጾሙ ነገር ብዙ አያከራክርም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሌሎቹ አጽዋማት አሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመርበት በጾም የሚያቆም ሰው የዓመቱን ግማሽ ገደማ ያቆማል። በጾም መቀነስ ካለበት የሚቀነሰው ዙሩ ነው። ክብደቱን ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ላይ ክብደቱን ሳይለቁ ሥራቸውን ወደ አንድ ዘጠነኛ ያወረዱ ወጣቶች ለ32 ሳምንት ጡንቻቸውን አልጣሉም። ዕድሜያቸው የገፋው ግን በዚያ አልበቃቸውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ብረቱን ወደ ማታ ያውለው፤ በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሆዱ ረጋ ሲልለት።

ስለ ፕሮቲን ያሉት «የጾም ምግብ ለብረት አይሆንም» የሚለው ግን ከንክኖኛል። ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ከበቂ በላይ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም ይሆናል። 100 ግራም ጥሬ ምስር ወይም ባቄላ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። የራሳችን ግብጦ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ሲሶው ገደማ ፕሮቲን ነው። እኛ ግን ከጠላ ጋር የሚቆረጠም ብቻ አድርገን ንቀነዋል። በርግጥ ሥራ አለው። መቁላት፣ መቀቀል፣ ከዚያ ለቀናት ወራጅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ምሬቱን ማስወጣት። ምሬቱ ሳይወጣ ከተበላ ይመርዛል። ባሕር ዳር ያለው የአክስቴ ልጅ በአንድ ጣሳ የውጭ ፕሮቲን ዱቄት የሚከፍለውን ብር ስሰማ፣ አያታችን የዘፈዘፈችው ግብጦ ነው ትዝ የሚለኝ።

ገበሬው ምስክር ሆኖ ሲጠራ ሳቄ መጣ። እስቲ በገበያ ቀን እህል ተራ ሂዱና ቁሙ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ያሸክሙታል፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ በጀርባው ይቀበላል፣ ይዞት ይሄዳል። እሱ ቀላል ነው? እርሻውም ላይ ገበሬው እርፉን ተጭኖ ይውላል፣ ትልሙ ዳር ሲደርስ ማረሻውን ነቅሎ ያዞራል፣ ማታ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ይገባል። የጤፍ መሬት ደጋግሞ ይታረሳል። ያ ሰው ከባዱንም ቀላሉንም ይሠራል፤ የመምረጥ ዕድል ሰጥቶት የሚያውቅ የለም። ጉልበቱንና ወገቡን የሚያመውም ሞልቷል። ስለዚህ ለጸሐፊውም ለእኔም ምስክር አይሆንም። ብንተወው ይሻላል።

የቀረው ዕድሜ ልክ የሚበቃው ጥንድ ዳምቤል ነው። ሚሎ የሚባል የጥንት ግሪክ ታጋይ በየቀኑ አንድ ጥጃ ይሸከም ነበር ይባላል። ጥጃው ሲያድግ እሱም እየጠነከረ ሄዶ፣ በመጨረሻ በሬ ተሸከመ። ተረት ነው፣ ግን የገባው ሰው ነው የፈጠረው። 5 ኪሎ ዳምቤል ደግሞ አያድግም። መጀመሪያ ወር ላይ 12 ጊዜ አንስታችሁ ያቃታችሁ፣ በዓመቱ 50 ጊዜ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ትርፉ ላብ ብቻ ነው።

ብር ከሌለ መፍትሔው ቤት ውስጥ አለ። ያው ጀሪካን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ልክ እንደ ጥጃው ያድጋል። ለስኳት ደረት ላይ አቅፎ ቁጭ ብድግ ማለት። ለጀርባ አንድ እጅን መደብ ላይ ደግፎ፣ በሌላው ጀሪካኑን ከመሬት ወደ ጎድን መሳብ። ባለ 5 ሊትሯ የዘይት ጀሪካን ለትከሻ ትሆናለች። በደረቅ አሸዋ ብትሞሏት ወደ 8 ኪሎ ትጠጋለች። ክዳኑን ግን አጥብቁት፤ እኔ አንዴ ራሴን አጥቤያለሁ።

እህቴን በዚህ ነው ያስጀመርኳት። በ6 ሊትር ጀመረች። ጽሑፉን ከላከችልኝ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ እስካሁን አላመነችልኝም። ትናንት ማታ ግን የጀሪካኑን ፎቶ ላከችልኝ። ጎኑ ላይ በከሰል መስመር አስምራለች፤ አንዱ 6፣ አንዱ 8፣ ውሃው ያለበት 10 ላይ ነው። ከሥሩ «12 ጊዜ አነሳሁት፣ ሁለት የሚቀረኝ ይመስለኛል» ይላል።